ቆሽት ላይ ትንሽ ዕጢ ሲገኝ፦ ቀዶ ሕክምና ወይስ ክትትል?
ለሐረር ታካሚና አስታማሚ የተዘጋጀ መመሪያ

ብዙ ጊዜ ነገሩ በሌላ ጉዳይ ይጀምራል። ለኩላሊት ጠጠር፣ ለማይለቅ የሆድ ሕመም ወይም ለመኪና አደጋ ተብሎ ሲቲ ስካን ይነሣሉ። ውጤቱ ሲመጣ ማንም ያልጠየቀው አንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፎበታል፦ ቆሽት ላይ 1.3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዕጢ ታይቷል፣ ኒውሮኢንዶክሪን ሊሆን ይችላል። ሸዋ በር ደርሰው ባጃጅ እስኪይዙ ድረስ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማሉ። አንዱ «ዛሬውኑ አዲስ አበባ ሄደው ያስወጡት» ይላል። ሌላው «ካልነኩት አይነካዎትም፣ ይተዉት» ይላል። ሁለቱም መካሪዎች ፊልሙን አላዩትም።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው 2 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ዕጢ ለተገኘባቸውና ሐረር ወይም አካባቢዋ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ሐኪምዎን አይተካም፤ ሐኪምዎ ፊት ሲቀመጡ ምን ይዘው መቅረብ፣ ምን መጠየቅ እንዳለብዎ ይነግርዎታል።

መጀመሪያ፦ ሁለቱን በሽታዎች ይለዩ

«የቆሽት ካንሰር» ሲባል ሰው የሚያውቀው ፈጣኑንና ገዳዩን ነው። ያ በሽታ የሚነሣው የምግብ መፍጫ ፈሳሽ ከሚያስተላልፈው ቱቦ ህዋሳት ነው። ኒውሮኢንዶክሪን ዕጢ ግን ሆርሞን ከሚሠሩት ህዋሳት ይነሣል፤ ከቆሽት ዕጢዎች ውስጥም ጥቂቱን እጅ ብቻ ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ አዝጋሚ ነው፤ ትንሽ ሆኖ ከተገኘ ለዓመታት ሳይለወጥ የሚቀመጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ «የቆሽት ካንሰር» ብለው ፈልገው ያነበቡት ስንት ወር ይኖራል የሚል ቁጥር የእርስዎን ጉዳይ አይመለከትም፤ ሌሊቱን በእሱ አያሳልፉ።

የአፕል መሥራች ስቲቭ ጆብስ የያዘው ይኸኛው ዓይነት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2003 ታወቀበት፤ ሐኪሞቹ እንዲቀደድ ሲመክሩት ዘጠኝ ወር ያህል በአመጋገብና በአማራጭ ሕክምና ቆይቶ በሐምሌ 2004 ተቀደደ፤ በጥቅምት 2011 አረፈ። ይህን ታሪክ «ይኸው፣ መጠበቅ ገደለው» ብለው የሚያነሡልዎ አይጠፉም። ነገር ግን የእሱ መቆየት ሐኪም የመከረው ክትትል አልነበረም፤ ሐኪም የመከረውን ሕክምና ማዘግየት ነበር። እዚህ የምንነጋገርበት ክትትል ቀን ተቆርጦለት፣ በምስል እየተለካ፣ «ይህ ከሆነ ቀዶ ሕክምና እናደርጋለን» የሚል ወሰን ተቀምጦለት የሚካሄድ ነው።

ሁለተኛ፦ ዕጢው የተባለው መሆኑን ያረጋግጡ

አልትራሳውንድ ብቻውን አይበቃም። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ ስለሚገኝ የአንጀት ጋዝ ይጋርደዋል፤ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ነገር በአልትራሳውንድ ብትታይም በትክክል መለካት ያስቸግራል። የሚያስፈልግዎ በደም ሥር ኮንትራስት ተሰጥቶ፣ ዕጢው ደም በሚሞላበት ደቂቃና ከዚያ በኋላም በተለያየ ጊዜ የተነሣ ሲቲ ስካን ነው። ኒውሮኢንዶክሪን ዕጢ ደም የሚበዛበት ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከአካባቢው ደምቆ ይታያል፤ ያ ቅጽበት ካመለጠ ሊጠፋ ይችላል። ያለ ኮንትራስት የተነሣ ከሆነ ውሳኔ አይወሰንበትም፤ እንዲደገም ይጠይቁ። ኩላሊትዎ ደከም ያለ ከሆነ ወይም ኮንትራስት የማይስማማዎ ከሆነ ኤምአርአይ አማራጭ ነው። ከመነሣትዎ በፊት የክሬአቲኒን ምርመራ ያሠሩ፤ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነም ይናገሩ።

መምሰልም አለ። ቆሽት ጅራት ውስጥ የተቀመጠች ትርፍ የጣፊያ ቁራጭ ልክ እንደ ኒውሮኢንዶክሪን ደምቃ ትታያለች፤ ምንም ጉዳት የላትም፣ ግን እሷን ለማውጣት ሆዳቸው የተከፈተ ሰዎች አሉ። እኛ ሀገር ደግሞ ሳንባ ነቀርሳ ስላለ በቆሽት ዙሪያ ያበጠ ንፍፊት ዕጢ ሊመስል ይችላል። በፊት ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የነቀርሳ ሕክምና ወይም ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ሳይጠየቁ ይንገሩ።

ናሙና መውሰድ ሁልጊዜ አያስፈልግም። ዕጢው ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነና ምስሉ ግልጽ ከሆነ ብዙ ሐኪሞች መርፌ አያስገቡበትም። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ባለው ላይ ግን ናሙናው ውሳኔውን ሊቀይር ይችላል። ናሙናው የሚወሰደው በአፍ በሚገባ ኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ ነው። ፓቶሎጂስቱ ኬአይ 67 የሚባል ቁጥር ይቆጥራል፤ ይህም ከመቶ ህዋሳት ስንቱ በመባዛት ላይ እንዳሉ ያሳያል። ከ3 በመቶ በታች አንደኛ ደረጃ፣ ከ3 እስከ 20 ሁለተኛ፣ ከ20 በላይ ሦስተኛ ደረጃ ይባላል። ሪፖርትዎ ላይ ይህ ቁጥር ከሌለ ሪፖርቱ አላለቀም። በቀጭን መርፌ የወጣ ጥቂት ህዋስ ደረጃውን አሳንሶ ሊያሳይ እንደሚችልም ይወቁ።

ሦስተኛ፦ ዕጢው ሆርሞን ያመርታል ወይ?

መጠኑ ከመታየቱ በፊት ይህ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ምክንያቱም ሆርሞን የሚያመርት ዕጢ ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይተውም። በሐረር ደግሞ ይህን ለመለየት የሚረዳ አንድ ጊዜ በየዓመቱ ይመጣል፤ ረመዳን።

ኢንሱሊኖማ የሚባለው ዕጢ ሰውየው ምግብ ባይበላም ኢንሱሊን መልቀቁን አያቆምም። ስለዚህ የሰውየው ስኳር ይወርዳል። በጾም ከሰዓት በኋላ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የእይታ መደብዘዝ፣ ያልተለመደ ንግግር፣ የቤት መንገድ መጥፋት፣ አንዳንዴም መውደቅና መንፈራገጥ ይመጣል። ማፍጠሪያ ሲደርስ ተምርና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲወሰድ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ክርስቲያኖችም ላይ ያው ነው። ብዙዎቹ በሚጥል በሽታ፣ በመንፈስ ወይም በጭንቀት ስም ለዓመታት ይንከራተታሉ። ሌላው ምልክት ክብደት መጨመር ነው፤ ሰውየው ሳያውቀው ሕመሙን በሐልዋና በስኳር እያከመ ስለሚኖር።

እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰብዎ ምልክቱ በሚታይበት ሰዓት ስኳርዎ ይለካ። ከ55 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነና ስኳር ሲወስዱ ከተሻለዎ፣ ኢንሱሊንና ሲ-ፔፕታይድ አብረው ይመርመሩ። ሙሉው ምርመራ ሆስፒታል ተኝቶ እስከ 72 ሰዓት መጾምን ይጠይቃል፤ ቤት ውስጥ ብቻዎን በፍጹም አይሞክሩት። ከዚያ በፊት ግን ቤት ውስጥ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዳለ ያጣሩ። በስሕተት የተዋጠ ግሊቤንክላማይድ ልክ ኢንሱሊኖማ የሚመስል ሥዕል ያሳያል። የተረጋገጠ ኢንሱሊኖማ ያለበት ሰው መጾም የለበትም፤ ሸይኩም የነፍስ አባቱም ለሕመምተኛ የሚሉት ይታወቃልና ሐኪምዎ የሚሉትን ይዘው ያነጋግሯቸው። ይህ ዕጢ ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ክፉ ያልሆነና ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው፤ ሆኖም ሕክምናው ማውጣት ነው። ማውጣቱም ብዙ ጊዜ ዕጢውን ብቻ ፈልቅቆ በማንሣት ያልቃልና ሰውየው ይድናል። እስከዚያው ቶሎ ቶሎ መብላትና ዲያዞክሳይድ የሚባል መድኃኒት ጊዜ ይሰጣሉ።

ሁለተኛው ሆርሞን ጋስትሪን ነው። ጋስትሪኖማ የሚባለው ዕጢ የጨጓራ አሲድን ያበዛል፤ ቁስል ይደጋገማል፣ ተቅማጥ ይኖራል፣ ኦሜፕራዞል ሲወሰድ ይሻላል፣ ሲቆም ይመለሳል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኦሜፕራዞል በየፋርማሲው በቀላሉ ስለሚገኝ ግማሹ ከተማ ይውጠዋል ማለት ይቻላል፤ መድኃኒቱ ራሱ ደግሞ ጋስትሪንንም ክሮሞግራኒን ኤ የሚባለውን የደም ምርመራም ከፍ ያደርጋል። በዚህ የተነሣ ብቻ «ካንሰሩ ተሰራጭቷል» ተብሎ የደነገጠ ሰው ይኖራል። ክሮሞግራኒን ሲመረመሩ ኦሜፕራዞል እየወሰዱ እንደሆነ ይናገሩ። በራስዎ ግን አያቁሙት፤ ጋስትሪኖማ ያለበት ሰው በድንገት ካቆመ ቁስሉ ሊደማ ወይም ሊበሳ ይችላል።

ሌሎቹ ሆርሞኖች ብርቅ ናቸው። ውሃ የመሰለ የማያቋርጥ ተቅማጥ ወይም ስኳር በሽታ በያዘው ሰው ላይ የሚታይ ተዛዋሪ የቆዳ ቁስል ካለ ይንገሩ። ከቤተሰብ የሚወረስ ዓይነትም አለ፦ ዕጢው ከአንድ በላይ ከሆነ፣ በተደጋጋሚ የኩላሊት ጠጠር ካለዎ፣ ካልሲየምዎ ከፍ ካለ ወይም ወንድም እኅት ተመሳሳይ ነገር ካለባቸው ሐኪሙ ኤምኢኤን 1 የሚባለውን የዘር ሕመም ማሰብ አለበት። በእነዚህ ሰዎች ላይ አዲስ ዕጢ ዕድሜ ልክ ስለሚወጣ ትንንሾቹን ሁሉ እያሳደዱ መቁረጥ ቆሽትን ይጨርሳል።

አራተኛ፦ መጠን፣ ቦታ፣ ደረጃ፣ ዕድሜ

ሆርሞን የማያመርት፣ ምልክት የሌለው፣ ያልተሰራጨ ዕጢ ከሆነ የአውሮፓም የአሜሪካም መመሪያዎች በመሠረቱ ይስማማሉ። ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች፦ ይከታተሉ። ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ፦ ሰውነቱ የሚችል ሰው ይቀደድ። ክርክሩ ያለው በመካከሉ ነው።

በክርክሩ ላይ መልስ ለማግኘት ከሚላን የሳን ራፋኤሌ ሐኪሞች የሚመሩት፣ አስፐን የተባለ ዓለም አቀፍ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያላቸውን ታካሚዎች ይመዘግባል። በመጀመሪያዎቹ 500 ሰዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውጤት ከአምስቱ አራቱ ክትትልን ይዘዋል። በክትትል ላይ ያሉ ሰዎችን ያዩ የቀደሙ ጥናቶችም ሲደመሩ ከአሥር አንድ ወይም ሁለቱ ብቻ በኋላ ወደ ቀዶ ሕክምና እንደሄዱ ያሳያሉ። ሌላው ገጽታ መደበቅ የለበትም፦ ተቀድደው ከታዩት 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ዕጢዎች ውስጥ ከአሥር አንዱ ገደማ ወደ ንፍፊት ዘልቆ ተገኝቷል። ትንሽ ማለት ምንጊዜም ንጹሕ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከሆኑ ለሐኪምዎ የሚከተሉትን ያንሡ። ዋናው የቆሽት ቱቦ ወይም የሐሞት ቱቦ ሰፍቷል ወይ? ከሰፋ ክትትል አይመረጥም፤ በአስፐን ውስጥም ሐኪሞችን ወደ ቢላ ከገፉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ኬአይ 67 ስንት ነው? ቁጥሩ ከ3 በታች የሆነ ሰውና ከ12 በላይ የሆነ ሰው በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ዕጢው ቆሽት ራስ ላይ ነው ወይስ ጅራት ላይ? ከዋናው ቱቦ ስንት ሚሊ ሜትር ይርቃል?

ዕድሜም ይገባል። የ74 ዓመት፣ ልብና ግፊት ያለባቸው አባት 1.2 ሴንቲ ሜትር አንደኛ ደረጃ ዕጢ ቢኖራቸው፣ በዚያ ዕጢ ምክንያት የመሞት ዕድላቸው ከቀዶ ሕክምናው አደጋ ያንሳል ብሎ መገመት ይቻላል። የ34 ዓመት፣ ጤነኛ፣ 1.8 ሴንቲ ሜትር ሁለተኛ ደረጃ ዕጢ ጅራት ላይ ያላት ሴት ግን ከፊቷ አርባ ዓመት ክትትል፣ ምናልባትም እርግዝና አለ። ሐኪሟ ለእሷ ቢላውን ቢያስቀድም አልደነቅም።

አምስተኛ፦ ቢላው የሚጠይቀውን ዋጋ ይወቁ

«ትንሽ ነገር ስለሆነች በትንሽ ቀዶ ሕክምና ትወጣለች» ማለት እዚህ አይሠራም። ዕጢው ቆሽት ራስ ላይ ከሆነ፣ ቱቦውን ሳይነኩ መፈልቀቅ ካልተቻለ፣ የሚሠራው አለን ዊፕል እ.ኤ.አ. በ1935 ያስተዋወቀው ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነው፦ የቆሽት ራስ፣ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ ሐሞት ከረጢቱና የሐሞት ቱቦው ጫፍ ይወጣሉ፤ የቀረው እንደገና ይገጣጠማል። ጅራት ላይ ከሆነ ግን የቆሽት ግማሽ ይወጣል፤ ይህ ይቀላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ጣፊያ አብሮ ይሄዳል።

ቆሽት ስፌት የማይወድ አካል ነው። ጤነኛ ቆሽት ለስላሳ፣ ቱቦውም ቀጭን ስለሆነ የሚያፈስበት አጋጣሚ በትንሽ ዕጢ ታካሚዎች ላይ ይበልጣል፤ የሚያፈሰው ደግሞ ሥጋ የሚፈጭ ፈሳሽ ነው። ይህ ሲሆን ሰውየው ለሳምንታት በሆድ ቱቦ ይቆያል። ቆሽት ከተቀነሰ በኋላ ስኳር በሽታ ሊመጣ ይችላል፤ ሰገራ ቅባት የሚበዛበትና የሚንሳፈፍ ከሆነ ደግሞ ኢንዛይም ከምግብ ጋር መዋጥ ያስፈልጋል። ይህን ኢንዛይም የሚሸጥ ፋርማሲ ሐረር ወይም ድሬዳዋ ውስጥ መኖሩንና ዋጋውን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያጣሩ፤ ዕድሜ ልክ ሊያስፈልግዎ ይችላል።

ውጤቱ በቀዳጁ ልምድ በጣም ይወሰናል። ይህ የአድናቆት ጉዳይ ሳይሆን የተረጋገጠ ነገር ነው፦ ብዙ የቆሽት ቀዶ ሕክምና በሚሠራበት ሆስፒታል ሞትም ችግርም ያንሳል። በሀገራችን በዚህ ረገድ በመጀመሪያ የሚጠሩት በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ናቸው። የትም ይሁን የትም «ቡድናችሁ በዓመት ስንት የቆሽት ቀዶ ሕክምና ይሠራል?» ብለው ይጠይቁ። ጥሩ ቀዳጅ በዚህ ጥያቄ አይከፋም፤ የሚከፋ ከገጠመዎ እሱም አንድ መልስ ነው። በኢንዶስኮፒ መርፌ አስገብቶ ዕጢውን በሙቀት የማቃጠል ዘዴም ውጭ ሀገር እየተስፋፋ ነው፤ በተለይ ለኢንሱሊኖማ። ሆኖም የረጅም ጊዜ ውጤቱ ገና እየተጠና ነው።

ስለ ጣፊያ ለብቻው

ይህን ክፍል ሐረር የሚኖር ሰው በተለይ ያንብበው። ጣፊያ የሌለው ሰው ወባ ሲይዘው በፍጥነት ይከፋበታል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም በሰዓታት ውስጥ ሊገድሉት ይችላሉ። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች «እኛ ደጋ ነን» ብለን እንኮራለን። ነገር ግን ለንግድ፣ ለጫት ጉዞ፣ ለሠርግ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ባቢሌና ወደ ኤረር ቆላ የማይወርድ ሰው ማን ነው? አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ደግሞ የድሮውን ሕግ አፍርሳለች። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው ይህች ትንኝ ከተማ ትወዳለች፣ በበርሜልና በሮቶ ውሃ ውስጥ ትፈለፈላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ውስጥ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ተጠያቂ ሆናለች። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት፣ ሰው ሁሉ በርሜል ሞልቶ የሚያስቀምጥበት ቤት ውስጥ ጣፊያ የሌለው ሰው ካለ በርሜሉ ይከደን።

እንግዲህ ቀዳጁን «ጣፊያዬን ማትረፍ ይቻላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ካልተቻለ የኒሞኮከስ፣ የማጅራት ገትርና የሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ ክትባት ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይውሰዱ። ለሐጅ ወይም ለዑምራ የማጅራት ገትር ክትባት ወስደው ከሆነ ካርዱን ያሳዩ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ትኩሳት ከመጣ «ነገ ያልፋል» አይሠራም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይግቡና ጣፊያ እንደሌለዎ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይናገሩ።

ስድስተኛ፦ ክትትልን ከሐረር ሆኖ ማስኬድ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው፤ ዋናው ሐሳቤም ይኸው ነው። ክትትል ሕክምና የሚሆነው ሲካሄድ ብቻ ነው። ተመዝግቦ ያልተካሄደ ክትትል በሽታን ደብቆ ማስቀመጥ ነው። አንድ ሰው ለሁለት ዓመት ሳይመለስ ቀርቶ በሦስተኛው ዓመት ጉበቱ ላይ ነጥብ ሲታይ ያኔ መመሪያው አልተሳሳተም።

የተለመደው መርሐ ግብር ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየስድስት ወሩ፣ ከዚያ ካልተለወጠ በየዓመቱ ምስል መነሣት ነው። ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራ ማስተማሪያ በመሆኑ የአካባቢዎ ማዕከል እሱ ይሁን፤ ከዚያ የሚጽፉልዎ ሪፈር ወደ አዲስ አበባ ይወስድዎታል። ከአዲስ አበባው ቀዳጅ ጋር የሚስማሙበት ነገር ይህ ነው፦ ምስሉ የት ይነሣል? ሐረር፣ ድሬዳዋ ወይስ አዲስ አበባ? አንድ ጊዜ ሲቲ፣ አንድ ጊዜ ኤምአርአይ፣ አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እየቀያየሩ መለካት 2 ሚሊ ሜትር «ዕድገት» ይፈጥራል፤ ዕጢው ሳያድግ ሰው ያስደነግጣል። ስለዚህ በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት ማሽን፣ አንድ ዓይነት አሠራር፣ ባለፈው ምስል አጠገብ ተቀምጦ የተነበበ ውጤት ይጠይቁ። ከመነሣትዎ በፊት ማሽኑ እየሠራ መሆኑን ደውለው ማረጋገጥን አይናቁ፤ ከኤረር በር እስከ ሆስፒታል ያለው መንገድ አጭር ነው፣ ከገለምሶ ለመጣ ሰው ግን አይደለም።

ምስሉን በሲዲ ይውሰዱ። ፊልሙን መስኮት ላይ አስደግፎ በስልክ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ ሁላችንም የምናደርገው ነገር ነው፣ ግን ሚሊ ሜትር አይለካበትም። ሪፖርቶቹ በፈረንጅ ቀን ይጻፋሉ፣ ቀጠሮዎን እርስዎ በእኛ ዘመን ያስቡታል፤ ሁለቱንም ቀን በአንድ ደብተር ጽፈው ሲዲውን ከደብተሩ ጋር በአንድ ቦርሳ ያስቀምጡ። ቀጠሮው ከረመዳን ጋር ከተጋጨ ሐኪሙ ወደ ሌላ ሳምንት ሊገፋልዎ ይችላል፤ ሦስት ወር መግፋት ግን አይገባም።

ወሰኑን በመጀመሪያው ቀን ያስጽፉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ማደግ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ማለፍ፣ የቱቦ መስፋት፣ አዲስ ንፍፊት ወይም የጉበት ነጥብ፣ የሆርሞን ምልክት መጀመር ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ሲታይ ክትትል ያበቃል። ከዚህ በታች ያለ የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት የመለኪያ ስሕተት ሊሆን ይችላልና እንቅልፍ አይጡበት።

አሁን የማይመች ነገር ልበል። የዕጢዎ መጠን መካከለኛ ከሆነና በየስድስት ወሩ መመለስ እንደማይችሉ ከልብዎ ካወቁ፣ ለምሳሌ ሥራዎ ጅጅጋ ጠረፍ ከሆነ፣ የቤቱ እንጀራ በእርስዎ ብቻ ከሆነ፣ ይህን ለቀዳጁ ይንገሩ። መመሪያዎቹ ይህን አይጽፉትም፤ ጥሩ ሐኪም ግን ሚዛን ውስጥ ያስገባዋል። ልምድ ባለው እጅ አንድ ጊዜ መቀደድ ከማይካሄድ ክትትል ይሻል ይሆናል። በተቃራኒው ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራልዎ ልምድ ያለው ሰው ካልተገኘ፣ ለአንደኛ ደረጃ 1.4 ሴንቲ ሜትር ዕጢ መጠበቅ ያዋጣል። በችኮላ ያገኙት ቀዳጅ ጋ መሄድ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ነው።

ሰባተኛ፦ ገንዘብ፣ ወረቀትና ቤተሰብ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካለዎ የሪፈር ሰንሰለቱን አይዝለሉ። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ወረቀት ሳይኖር ከተሻገሩ ሽፋኑ ሊቀንስ ወይም ሊቀር ይችላል። ከአዲስ አበባ ሲመለሱም የመልስ ጽሑፍ ይዘው ይምጡ፤ ሕይወት ፋና ላይ የሚከታተልዎ ሐኪም የሌላውን ሐኪም ሐሳብ ካላየ በአዲስ ይጀምራል። የአፎቻ አባል ከሆኑ ለቀብርና ለሠርግ የሚሰበሰበው ጉባኤ ለጉዞና ለአልጋ ወጪም ሊቆም ይችላል። አባቶቹን ወይም እናቶቹን ቀድሞ ማማከር ሰው ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ስልክ ከመደወል ያድነዋል።

ወጪ ሲያሰሉ የቀዶ ሕክምናውን ሒሳብ ብቻ አያስቡ። ወደ አዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አስታማሚ ሁለት ሰው፣ ማረፊያ፣ ቱቦ ካልተነቀለ የሚራዘም ሳምንት አለ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሆስፒታሉ ብዙ አይራቁ፤ ቆሽት ሲያፈስ ወይም ሲደማ አዋሽ ላይ መገኘት አይፈለግም።

ጫት የሚቅሙ ከሆነ ለማደንዘዣ ባለሙያው በግልጽ ይንገሩ። ልብ ምትንና ግፊትን ስለሚያንቀሳቅስ መቼ እንደሚያቆሙ እሱ ይወስናል፤ ነውር የለውም፣ የሐረር ሐኪም ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው አይደለም። ጥቁር አዝሙድ፣ ሬት፣ ሌላም ቅጠል የሚወስዱ ከሆነም ይናገሩ። ዕጢውን እንደሚያጠፉ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ግን ስኳርንና የደም መርጋትን ሊነኩ ይችላሉ። ጸሎቱና ዱዓው ይቀጥል፤ ቀጠሮውም አይቅር።

አንድ ነገር ለልጆች። አባትን ላለማስደንገጥ ውጤቱን ደብቆ «ጨጓራ ነው» ማለት በእኛ ዘንድ የፍቅር ምልክት ተደርጎ ይታያል። ለዚህ በሽታ ግን አይሠራም። በየስድስት ወሩ ለዓመታት ሊመላለሱ የሚገባቸው እሳቸው ናቸው፤ ለጨጓራ ማን ይመላለሳል? «ትንሽ ዕጢ ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምታድገው፣ በዓይናችን ሥር እናደርጋታለን» ማለት እውነትም ነው፣ አያስደነግጥምም።

ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄዱባቸው ምልክቶች

ዓይን ወይም ቆዳ ቢጫ ሲሆን፤ ሽንት እንደ ሻይ ሲጠቁርና ሰገራ ሲነጣ። ሰው ሲጾም ወይም ሲርበው ግራ ሲጋባ ወይም ሲወድቅ፤ ንቁ ከሆነ መጀመሪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጡት፣ ራሱን ከሳተ በአፍ ምንም አይስጡት። ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ያለበት ትውከት። ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ ማስታገሻ የማያቆመው የላይኛው ሆድ ሕመም። የተቀደደ ሰው ላይ ትኩሳት፣ የሆድ መነፋት ወይም ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ፤ ጣፊያው የወጣ ሰው ላይ ደግሞ ትኩሳቱ ብቻውን ይበቃል። ሲሄዱ ቦርሳውን ይዘው ይሂዱ፦ ሲዲው፣ የፓቶሎጂ ወረቀቱ ከነኬአይ 67 ቁጥሩ፣ የክትባት ካርዱ፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝርና የቀዳጁ ስልክ።